ለእናትሽ ሐውልት ምረቃ

ሌትሳቲንግ፣ ጁላይ 14 ቀን 1986

ውድ ልጄ ዲኬሌዲ፣

የጋቦሮኔ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «አባባ፣ በሴፕቴምበር ለእናቴ የመቃብር ሐውልት ምረቃ ተደብቄ ብመጣ በሩን ትከፍትልኛለህ?» ብለሻል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ያልጻፈልሽን ሰው እንዲህ አክብረሽ መጠየቅሽ አሳፈረኝ። መልሱ ሳይዘገይ ሊደርስሽ ነበር፤ መሐል አንድ ነገር ገባ። ደብዳቤውን ለፖስታ ቤት አልሰጠሁም። የእናትሽ ጓደኛ ማቶቤ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ በጉያዋ ሸጉጣ ድንበሩን ታሻግርልኛለች፤ ስለዚህ እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

ሰሞኑን ሕልሜና እውኔ ተደባልቀውብኛል። ጠዋት የከሰሉ ጭስ ከጉሙ ጋር ሰፈሩን ሲያለብሰው ቤቶቹ ከመሬት የተነሡ ይመስላሉ። እናትሽ የሴቶች ማኅበሩን ቀይ ሸሚዝና ነጭ ቆብ አድርጋ ለሐሙስ ጸሎት ስትሄድ አያታለሁ። «ሞዲሴ፣ ዛሬም ቆመህ ልታይ ነው?» ትለኛለች። ልመልስላት ስል ጎረቤት ሆና ታልፋለች።

መሐል የገባው ነገር ይህ ነው፦ ቄሳችንን፣ ቄስ ቲሮን፣ ፖሊሶች ያዙት። አንቺን የሚያክል ልጅ ነው፤ ከተሾመልን ሁለት ዓመቱ። «እግዚአብሔር መሐል ሰፋሪ አይደለም፤ ከተረገጠው ወገን ነው። ክርስቶስ ዛሬ ቢወለድ በእኛ ሰፈር፣ በእኛ ቆዳ ይወለድ ነበር» እያለ ያስተምራል። የቤት ኪራይ አንከፍልም ያሉት የሚመክሩት፣ ፖሊስ የሚያሳድዳቸው ወጣቶች የሚጠለሉት በቤተ ክርስቲያናችን ነበር። እኔ አልተዋጠልኝም። «ይሄ ስብከት ነው ወይስ የሠራተኛ ማኅበር?» ብዬ አሾፍሁበት። «አባባ ሞዲሴ፣ ሙሴስ የጡብ ሠራተኞች ማኅበር መሪ አልነበረም እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አኮረፍሁ።

ዐርብ ከቀብር ሲመለስ ነው የወሰዱት። እሑዱ በሰባኪዎች መርሐ ግብር የእኔ ተራ ነበር። ምን የሰበክሁ ይመስልሻል? የለመድሁትን፤ ለሹማምንት ተገዙ የሚለውን የጳውሎስን ቃል። ያኔ ፖሊስ ሲፈልግሽ፣ ልትሸሺ ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ስትቆሚ ያነበብሁብሽን።

የእኛን ሴቶች ታውቂያቸዋለሽ፤ ሰባኪ ሲያስቸግራቸው በመዝሙር ያስቀምጡታል። በሠላሳ ዓመት ተዘምሮብኝ አያውቅም ብዬ እኩራራ ነበር። ገና ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ማቶቤ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች መዝሙሩን ጀመረችው። ቀይ ለባሾቹ ሁሉ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ተነሡ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቼ ሳዳምጥ በተከፈተው አፌ እኔም እየዘመርሁ ነው። ከመስበኪያው እንዴት እንደወረድሁ አላስታውስም። ቄሱን ፍቱልን ልንል ጉሙን ሰንጥቀን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስንሄድ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም፤ ጉልበቴም ረሳኝ። አጠገቤ የምትዘምረው እናትሽ መሰለችኝ። ሌላ ሰው እንዳትሆንብኝ ፈርቼ ዞሬ አላየሁም።

በሩ ላይ ተንበረከክን። ስድስታችንን አስገብተው የቀሩትን በውሻ በተኑ። አንድ ወጣት ፖሊስ ወረቀት ዘርግቶ «ልጆች አሉህ?» አለኝ።

ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ «አንዲት ነበረችኝ፤ ሞታለች» እል ነበር። ልጠብቅሽ ብዬ አይደለም፤ አፍሬብሽ ነው። ይሁንና ውሸቱ ጠብቆሻል፤ የሞተ ሰው ማን ይፈልጋል? ያን ቀን ግን መዝሙሩ ገና ከአፌ አልወጣም ነበር። «አንዲት ልጅ አለችኝ። ዲኬሌዲ ትባላለች። በሕይወት አለች፤ ከእኔም ትሻላለች» አልሁት። ጻፈው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሲሚንቶው ላይ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ሐሙስ ሲለቁን ለማቶቤ በኩራት ነገርኋት። «አንተ ሽማግሌ! ሠላሳ ዓመት ስትለፈልፍ ኖረህ፣ እውነት የምትናገርበት ሌላ ቦታ አጣህ?» አለችና አለቀሰች። ያኔ ነው ያደረግሁት የገባኝ።

አሁን አንዲት ግራጫ መኪና ከውኃ ቧንቧው ጥግ አትጠፋም። ፖሊሶቹ ድንጋይ ጠራቢው ዘንድም ሄደው ምረቃው መቼ እንደሆነ ጠይቀውታል። ቄስ ቲሮ አልተፈታም። የፊታችን እሑድም ስበክ ተብያለሁ፤ ምን እንደምል አላውቅም፤ ካበላሸሁ ሴቶቹ አሉ።

ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው፦ እከፍትልሻለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ በሩን ቆልፌ አላውቅም። ግን አትምጪ፣ ልጄ። ያለ አንቺ እንመርቀዋለን። ድንጋዩ ላይ ከእኔ ስም ቀጥሎ «ልጇ ዲኬሌዲ» ተብሎ ይቀረጻል፤ መጀመሪያ ሳዝዝ የእኔን ብቻ ነበር ያልሁት።

ከቤቴ ያለ ምርቃት ነው የወጣሽው። አሁን ተቀበዪኝ፦ የምትረግጪው መሬት ይቅለልሽ፤ ጌታ በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ፤ የእኔን ዕድሜ ቆርሶ በአንቺ ላይ ይጨምርልሽ፤ ነጻ አገር ገብተሽ ልጅ ሳሚ። ብቻሽንም ብትሆኚ ድምፅሽን አውጥተሽ አሜን በዪልኝ።

ልጅ ያለው አባትሽ፣
ሞዲሴ