የአገኘሁሽ አንገት

ወረታ፣ ሰኔ 5 ቀን 1958 ዓ.ም.

ውድ ማረው፣

ልጃችን አገኘሁሽ ድናለች። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ሌላውን ቀስ ብለህ ትሰማኛለህ።

በጥር ሽምብራ ስንነቅል በግራዋ በኩል ጠራኋት። ዞር ስትል ዓይኗ ጨለመና ወደቀች። ወንድምህ አያልነህ በማግስቱ ወጌሻውን ይዞ መጣ።

«አንገቷ ወልቆ ነው፤ አንዴ ቢጠመዝዘው ይገባል» አለ። ወጌሻው ቅቤ ማሞቅ ጀምሯል።

«አይነካትም» አልሁ።

«አንች ፊደል ከለየሽ ወዲህ ደግሞ ሐኪም ሆንሽ?»

«ሐኪም ሳያያት እጁን የሚያሳርፍባት እኔን ገድሎ ነው!»

አያልነህ ሳቁን ዋጠና ወጌሻውን ይዞ ወጣ።

ማረው፣ አሥራ አንድ ዓመት የደበቅሁህን ስማ። አንተም በሬ ስትጠራ ወደ ግራ ከዞርህ እንደሚያዞርህ አይቼ ነበር። ይኸው ወጌሻ አንገትህን ሊያሽ የመጣ ቀን ጭንቅላትህን የያዝሁለት እኔ ነኝ። ወደ ግራ ሊጠመዝዝህ ሲል ልናገር አሰብሁ፤ በወንዶች ፊት አፈርሁ፤ ጠመዘዘህ። ሌሊቱን ሳትናገር አደርህ፣ ሲነጋ አረፍህ።

ለልጅህ ግን ጻፍሁ። የወደቀችበትን ቀን፣ የዞረችበትን ጎን። ብታጎነብስ፣ ወደ ቀኝ ብትዞር ምንም የለም፤ ወደ ግራ ስትዞር ብቻ።

አዲስ አበባ ወሰድኋት። ፊቷን ቀጥ አድርገው ራጅ አነሷትና «ደህና ናት» አሉን። ወረቀቴን ሰጠሁ። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እርስዎ እንዳሉት አዙረን እናነሳታለን።»

በራጅ የሚታይ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰደዱና አንገቷን በቀስታ ወደ ግራ አዙረው አነሷት። ሐኪሙ ፎቶግራፉን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ወደ ጭንቅላቷ የሚወጣው የደም ሥር መንገዱን ስቶ፣ ተጣጥፎ አንገቷ አጥንት ውስጥ ገብቷል። ስትዞር አጥንቱ ይጫነዋል፤ ደሙ እዚያው ላይ ቀጥ ይላል።

«ወጌሻ ጠምዝዟት ቢሆን እዚህ አትደርስም ነበር» አለ። «እናቴ፣ በሽታውን ያገኙት እርስዎ ነዎት።»

የሚጫነውን አጥንት ቆርጠው አወጡላት። አገራችን ስንመለስ ቅዳሜ ይፋግ ገበያ ወሰድኋት፤ ግራና ቀኝ እየዞረች የሰው ቀሚስ ስታይ ዋለች።

ትናንት ወጌሻው ደጄ ቆሞ «ሸዋነሽ፣ አንገቱን ያመመው ሰው መጥቶብኛል፤ ልንካው?» አለኝ። በሰው ሁሉ ፊት ጠየቀኝ፤ በሰው ሁሉ ፊት «ሐኪም ሳያየው እንዳትነካው» ብዬ መለስሁለት።

ስንገናኝ ውቀሰኝ፤ የሚገባኝ ነው። እስከዚያ ግን ያየሁትን እናገራለሁ።

ሚስትህ ሸዋነሽ