የመብረቁ እናት መጣች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11፤ ከስፌት ቤቱ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ ደህና ከተባለ። ስልክህን ከዘጋህ ይኸው አሥራ ሰባት ቀን። ቢቸግረኝ ይህን ጥቅል በኳስ ክለብህ አድራሻ ላክሁልህ።

እዚህ ስምህ በየሰዉ ስልክ ላይ ነው። በልምምድ ላይ የቡድን ጓደኛህን፣ ያን ሰው ሁሉ «መብረቁ» የሚለውን ልጅ፣ ጠልፈህ ስትጥለው የሚያሳየውን ቪዲዮ ያላየ የለም። እህትህ ስትነግረኝ፣ ተከታዮችህ ከአርባ ሺህ ሦስት መቶ ሺህ ገብተዋል። «እማዬ፣ እንዲህ ከቀጠለ መብረቁን ሊደርስበት እኮ ነው!» አለችና አፏን ያዘች። ሰዉ የሚከተልህ ሊሰድብህ መሆኑ ትዝ ብሏት ነው። ስድቡን አታንብብ። እኔ አንብቤልሃለሁ።

ትናንት ከሰዓት የተማሪ ዩኒፎርም ስዘመዝም አንዲት ሴት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ደንበኛ መስላኝ፣ «ግቢ እናቴ፣ ምን ልስፋልሽ?» አልኳት።

«የመብረቁ እናት ነኝ።»

እግሬ ፔዳሉ ላይ ደረቀ። መቀሱ በእኔና በእሷ መካከል፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዓይኗ ሲያርፍበት አየሁ። እንዳልወጣ በሩን ይዛዋለች።

«እኔን እንደፈለግሽ ስደቢኝ፤ ልጄን ግን አትርገሚብኝ» አልኳት።

«ለእርግማን አልመጣሁም» አለችና ስልኳን አወጣች። «ሁለት ሚሊዮን ሰው ይወደዋል ሲሉኝ ኖርኩ። እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ተኝቶ የተከታዮቹን ቁጥር ነው የሚያየው፤ በየቀኑ ይቀንሳል። ከዚያ ሁሉ ሰው ሆስፒታል ሄዶ እንዴት ነህ ያለው አንድ የለም። ልጅሽ ይሂድለት።»

«የሰበረው እኮ ልጄ ነው!»

«ለዚያም ነው። ሆን ብሎ አለማድረጉን ከራሱ አፍ ይስማ።»

ወንበር ሳብኩላት።

ልጄ፣ መጨረሻ የደወልክ ቀን፣ «ክለቡ ከእኔና ከመብረቁ አንዳችንን ነው የሚያስቀረው። በጨዋታ እበልጠዋለሁ፣ ግን ተከታይ የበዛለት እሱ ነው» ብለኸኝ ነበር። ድምፅህ ያን ቀን ደስ አላለኝም። ይህን ለሴትየዋ አልነገርኳትም፤ ለእህትህም አልተነፈስኩም። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አትጠይቀኝ። ስትገባበት ኳሷ ከእግሩ ርቃ ሄዳ ነበር። እኔም አልጠይቅህም።

ብቻ ሂድለት። ስትሄድም የሆነውን ንገረው እንጂ እናቱ ደስ የሚላትን ፈልገህ አትንገረው።

ጥቅሉ ውስጥ ለመብረቁ የሰፋሁት ሱሪ አለ። ጄሶው እንዲገባ የግራውን እግር ጎን እስከ ታች ከፍቼ ቁልፍ ሠርቼለታለሁ። ልኩን እናቱ ናት የሰጠችኝ፤ በክንዷ እየለካች፣ እያለቀሰች። በሰው እጅ እንዳትልክለት። ራስህ አልብሰው።

እግርህን ከስብራት፣ ልብህን ከክፋት ይጠብቅልኝ። የመጣ ቢመጣ በሬን የማልዘጋብህ

እናትህ