የነጯ ኤምጂ በር

ውድ እትዬ፣

ነጯ መኪናሽን ቅዳሜ የቁርጥራጭ ብረት ገዢው ሊወስዳት ነው። ካረፍሽ ሁለት ወር ሆነ፤ አሁን ብነግርሽ እንደማይረባሽ አውቃለሁ። ግን ሦስት ዓመት ዋሽቼሻለሁ።

አባባ ሁለቱን የእንግሊዝ መኪኖች፣ ኤምጂዎቹን፣ ሲያወርሱን፣ በእኔዋ በቀይዋ ኤምጂ ኤ ስንት ሳቅሽ። ከውጭ እጀታ የላት፤ እጅ በመስኮት ሰድዶ ከውስጥ ገመዷን መሳብ ነው። «ባለቤቱ እንደ ሌባ የሚገባባት መኪና» ትያት ነበር። ያንቺዋ ኤምጂ ቢ ታናሿ ናት፤ እጀታ አላት፣ የሚወጣ የሚወርድ መስታወት አላት። በመልክ ግን የእኔዋ ትበልጣለች ስልሽ፣ «መልክ ዝናብ አይከለክልም» ነበር መልስሽ።

ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝልሽ የለመንሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሆስፒታል ስትወጪ ነጯን ራስሽ ነድተሽ ቤትሽ መግባት። ከበሯ ሥር ያለውን ዝገት ልጠግንልሽ ቃል ገባሁ። ሃያ ዓመት ላሜራ ስቀጠቅጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ምን ያቅተኛል ብዬ። የእኔዋን አካሏን ብትቆርጪው ከሥር ያለው የብረት አጽሟ፣ ሻንሲዋ፣ ይሸከማታል። ያንቺዋ ግን ሻንሲ የላትም፤ የሚሸከማት ያው ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ነው፤ ከመቆረጡ በፊት በብረት መደገፍ ነበረበት። እኔ በቀይዋ በለመድኩት እጅ፣ ሳልደግፍ ሁለቱንም ጎን ቆረጥኩት። አዲሱን በይጄ ስጨርስ ወገቧ ሰምጦ ቀርቷል። በሮቿ አልገጥም አሉ። እንደገና ቆርጬ ላቃናት ብሞክር ባሰባት።

አንቺም ደወልሽ።

«ምነው፣ አላለቀችም?»

«መለዋወጫ ጠፍቶ ነው እትዬ። አዝዣለሁ፣ መንገድ ላይ ነው።»

ከሆስፒታል በታክሲ ገባሽ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መጣ ወይ ትይኛለሽ፣ በየሳምንቱ መንገድ ላይ ነው እልሻለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው እያደር ከበደኝ። በሽታው ተመልሶ ሲጥልሽ፣ በዚያ በደከመ ድምፅሽ፣ «ሌላ የምትነግረኝ ነገር የለም?» አልሽኝ። የለም አልኩሽ።

ትናንት ነጯ ልትሄድ መሆኑን ለባልደረባዬ ለቀለም ቀቢው ነገርኩት። ብሩሹን አስቀመጠና፣ «እህትህ'ኮ አይታታለች» አለኝ።

«መቼ?»

«ያኔ፣ ሆስፒታል ልትገባ ሰሞን። አንተ ብረት ልትገዛ ወጥተህ ነበር። በሩን ሁለቴ ገፋችው፣ አልዘጋ አላት። 'እሱ ራሱ ይንገረኝ፣ መምጣቴን እንዳትነግረው' ብላኝ ሄደች።»

ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ትደውይ የነበረው አውቀሽ ነው። አንድ ጊዜ «እኔ ነኝ ያበላሸኋት» ብልሽ ስቀሽብኝ ነገሩ ያልቅ ነበር። አሁን በምን ስልክ ልንገርሽ? ይህን ደብዳቤስ ለማን እልከዋለሁ?

ጎትተው ሲወስዷት መንገድ ላይ እንዳይከፈት በርሽን በገመድ አስሬዋለሁ። እትዬ፣ ምንም መለዋወጫ አላዘዝኩም ነበር።

ታናሽ ወንድምሽ