የሰኞ ችሎቶችህ

ውዴ ተስፋዬ፣

ከተለየኸኝ አሥራ አራት ወር ሆነ። ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ሩት ቤድፎርድ ከተማ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ ጀምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ሜስኪት እየመጣች ታየኛለች። መኪናህ ግን የለም፤ ሸጥኩት። ምክንያቱን ልንገርህ።

በዘጠኝ ዓመት የፓርት ታይም ዳኝነትህ የጡረታ መዋጮ አልተቆረጠብህም ነበር። አሁን የከተማው አስተዳደር ፈቀደ፤ ያለፈውን መዋጮ ለከፈለ ዳኛ አገልግሎቱ ይያዝለታል፣ ከሞተም ሚስቱ ጡረታውን ታገኛለች። ገንዘቡን በመኪናህ ሽያጭ ሞላሁት። ቀነ ገደቡ ዓርብ ነበር። የችሎት ዝርዝሩ ስላልተገኘ ግን፣ ያስቻልክባቸውን ቀናት አንድ በአንድ ጽፌ በመሐላ እንድፈርም ተነገረኝ።

ማስታወሻ ደብተርህን ሳገኝ ደስ አለኝ፤ ስገልጠው ደነገጥኩ። ለተከሳሾች ቀጠሮ የምትሰጠው በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ለራስህ የምትጽፈው በእኛ! መስከረም አንድን ሴፕቴምበር አሥራ አንድ እያልኩ ቆጠርኩ፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሐሙስ ዕለት ሩት ፈቃድ ወስዳ መጣችና ከስልኳ ካላንደር ጋር አመሳከረችልኝ።

«ማሚ፣ ዳዲ ሰንደይም ይሠራ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ወረቀቱን ወስጄ ደግሜ አየሁት። አንተ ያስቻልከው ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። ጳጉሜ ስድስት ቀን ስትሆን የሚቀጥለው መስከረም በአንድ ቀን እንደሚገፋ ረስቼ፣ በእነዚያ ዓመታት ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉትን ሰኞዎችህን እሑድ አድርጌያቸዋለሁ። በማግስቱ በአንተ ስም ልምልበት የነበረው ወረቀት ያ ነው። ቀድደን እንደገና ጀመርን።

አንድ ሰኞ ላይ «አላስቻልኩም» ብለሃል፤ ሌላ ቃል የለም። ስናሰላው ቀዶ ሕክምና የተደረገልኝ ቀን ሆነ። ሐኪሙ እስኪመጣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ እግሬን ስታሽ ዋልክ። ያቺንም ብጨምራት ማንም አይጠይቀኝም ነበር። አልጨመርኳትም፤ አንተ ብትሆን ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ።

ዓርብ ቢሮው ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ጸሐፊዋ ገጾቹን እያገላበጠች አየች። ማኅተሙን መታችበት።

ሌሎቹ ሰኞዎችህ አሁን በከተማው መዝገብ ውስጥ ናቸው፤ እነሱን መዝገቡ ያስታውሳቸዋል። ያቺ አንዷ እዚያ የለችም። እሷን እኔ እይዛታለሁ።

ያንተ፣
አልማዝ