ለስላሳዋ አስራ አራት ቁጥር

ግንቦት 8
በምርምር ማሳችን የበልጉ ስንዴ ላይ ትል ቆጠራ ጀመርን። እያንዳንዱ ዝርያ ቁጥር ተሰጥቶት ሦስት ቦታ ተዘርቷል፤ በአንዱ ብቻ እንዳንታለል። ትሏ ቅጠሉን ትልጠውና ነጭ መስመር ታስቀራለች። ስድስት ቁጥር አልቆለታል። ወገቤ ተቆረጠ።
ገና ቁጭ ሳልል አባዬ፦ "የኔዋስ?"
ጡረታ ከወጣ ቆየ፣ ልቡ ግን ማሳው ውስጥ ነው። "የኔዋ" የሚላትን አስራ አራት ቁጥርን አዳቅሎ ለማውጣት አስራ አንድ ዓመት ለፍቷል። "ነገ አያታለሁ" አልኩት።

ግንቦት 9
የማሳው በር አጠገብ ያለችው አስራ አራት ቁጥር... ንጹህ! ግራና ቀኟ ተበልቶ የእሷ ቅጠል እንዳለ ነው። ለአባዬ ስነግረው ምንም አልደነቀውም። ምነው?

ግንቦት 10
ራቅ ያሉትን ሁለቱን አየሁ። እዚያ አስራ አራት ቁጥር ነጭ በነጭ ሆናለች። አንድ ዝርያ እንዴት እንዲህ ይሆናል?
ልብስ ሳጥብ የአባዬ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ቢጫ እድፍ። የትሏ ነው፤ የኔም ሱሪ ላይ አለ። አባዬ... ምን እያደረግክ ነው?

ግንቦት 11
ማለዳ ተከተልኩት። በሩ አጠገብ ተንበርክኮ ትል በጣቱ እየለቀመ ጣሳ ውስጥ ይከታል። ራቅ ወዳሉት ጉልበቱ አያደርሰውም። ሰባ ሦስት ዓመቱ እኮ ነው! ልቆጣው ነበር የቀረብኩት። አጠገቡ ተንበረከክሁ።
"እናትሽ ፀጉራም ቅጠል ያለውን ስንዴ ስታጭድ ክንዷ ሽፍ ይልባት ነበር። ለዚህ ነው ለስላሳውን የመረጥኩት።"
ትሏም ለስላሳውን ነው የምትወደው፤ ፀጉሩ አያስጠጋትም። ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው።

ግንቦት 13
አለቃዬ የቆጠራውን ወረቀት ይጠብቃል። የአስራ አራት ቁጥር ነጥብ ጥሩ ከሆነ ለገበሬ ትሰጣለች፤ ካልሆነ ትወድቃለች። የበሩን ቆጠራ እንዳለ ብጽፈው ማን ያውቃል? ግን ገበሬው ሥራውን ትቶ ትል ሲለቅም ሊውል ነው?
አባዬ ሻይ እየቀዳልኝ፦ "የበሩን ሰርዢው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹን እንዳየሽ ጻፊ።"
ጻፍኩ። ወደቀች።

ሰኔ 9
አባዬ ከዚያ ወዲህ ማሳው ደጃፍ አልደረሰም ነበር። ዛሬ መጣ፣ ወረንጦ ይዞ። የአበባዋን ወንዴ ክፍል ነቅሎ አስራ አራት ቁጥርን ከፀጉራሙ ሃያ ሁለት ቁጥር ጋር ሊያዳቅላት።
"እናትሽ ብትሰማ ጉዴ ፈልቶ ነበር" አለ እየሳቀ።
አንድ አበባ ሞክሮ ተወ። ወረንጦውን ሰጠኝ። ሦስት አበባ አበላሸሁ፤ "በርቺ" ይላል እንጂ አይቆጣም።
"ስንት ዓመት ይፈጃል አባዬ?"
"አስር። እኔ እንኳ አልደርስባትም።"
"እንዲህ አትበል..."
"ስሚኝ። ይቺንም ትል ከበላት፣ የበላትን ያህል ጻፊ። ለኔ ብለሽ እንዳታዳዪላት።"
እሺ አልኩት። ዛላው አልታይ አለኝ። ዓይኔን በክንዴ ጠረግሁና ቀጠልኩ።