ከእግራችን ሥር ስለሚተነፍሰው ወለል

ለተከበሩ ሚስተር ዴልበርት ክራውዘር
የመስኪት ጥላ የመኪና ቤቶች መንደር ሥራ አስኪያጅ
አሪዞና

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በቢሮዎ ደጃፍ የሚያሳድጓቸው የቁልቋል ችግኞችም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉም በላይ ዘወትር በሲሚንቶ ላይ የሚቆሙት እግሮችዎ ደኅና ይሁኑልኝ። እኔና ባለቤቴ ኦሪን፣ በቦታ ቁጥር አርባ አንድ፣ እስከዚህች ሰዓት ድረስ አልወደቅንም።

ደብዳቤውን በልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት በድፍረት እንዳይመስልብኝ። እርስዎም ደንብዎን ሁሉ የሚለጥፉት እዚያው ስለሆነ፣ ጎረቤቶቼ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያነቡ ይቀላቸዋል ብዬ ነው። አሁን ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ የመኪና ቤት ወደ መንደራችን እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ እያለ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላውን የእኛን እስካሁን ስላቆዩልን አመሰግናለሁ። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ስለገባን ብቻ መሆኑን በየጊዜው ማስታወስዎን አልረሳሁም። በየዓመቱ በጥቅምት መጥተው ከውጭም ከውስጥም ፎቶግራፍ እንደሚያነሡና፣ በፎቶግራፉ ላይ አሮጌ የሚመስል ነገር ከታየ ቦታችንን እንደምናጣም እንዲሁ።

ሁለተኛ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ምንጣፋችን አርጅቷል ብለው በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ ወለል እንድናለብስ ስላዘዙን አመሰግናለሁ። ጎረቤታችን ሃርላን ክዊምቢ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ምንጣፉን በአንድ ጥግ ገልጦ ከሥሩ ያለውን እንጨት በመዳፉ ዳሰሰና እርጥብ መሆኑን ነገረኝ። በበሩ አናት ካለው መገጣጠሚያ ውሃ እየገባ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ እንዲደፈን፣ ቀጥሎ ወለሉ ተከፍቶ የበሰበሰው እንዲወጣ፣ የቀረውም ሁለት ሳምንት ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኝ መከረኝ። ይህንኑ ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «የኔ እናት፣ ፎቶ እኮ እንጨቱን አያሳይም። ሸፍኑትና ይለቅ» አሉኝ።

እናትዎ አይደለሁም። ብሆን ኖሮ ይህን ጉዳይ ገና በልጅነትዎ ጨርሰነው ነበር።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት መደበቅ አይገባኝም። በተማርሁበት የሰሜን ዳኮታ የገጠር ትምህርት ቤት ቀለሙ ሳይደርቅ ደብተሩን የዘጋ ልጅ ከሰዓት በኋላውን ቆሞ ይውል ነበር። እኔ ግን በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ በእርጥብ እንጨት ላይ ክዳን ዘጋሁ። ቦታችንን እንዳናጣ ፈርቼ ነው። ሃርላን እያጉረመረመ ረዳኝ፤ እንጨት የሚመስሉትን የፕላስቲክ ንጣፎች በሦስት ቀን አነጠፍን። ፎቶግራፉ አማረ። እርስዎም በቅጹ ላይ «እንደ አዲስ» ብለው ጻፉልን።

ሦስተኛ፤ ላለፉት ሁለት ወራት ስለኖርንበት ፍርሃት አመሰግናለሁ። ኦሪን የዓይኑን ብርሃን ካጣ አምስት ዓመት ሆኖታል። ቤቱን የሚያውቀው በእግሩ ነው፤ ከአልጋው እስከ ዕቃ ማጠቢያው አራት እርምጃ፣ ከዕቃ ማጠቢያው እስከ በሩ ሦስት። በሌላ ቤት ግድግዳ ሲዳብስ ይውላል፣ በዚህ ቤት ግን ሻዩን ራሱ አፍልቶ ያመጣልኛል። የነሐሴው ዝናብ ከጣለ በኋላ አንድ ጠዋት በሩ አጠገብ ቆመና፣ «አርዲስ፣ ይኼ ወለል ምን ሆኖ ነው የሚተነፍሰው?» ሲል ጠየቀኝ። የጎማዎቹ አየር ጎድሎ ነው አልሁት። በሃምሳ ስድስት ዓመት ትዳራችን የዋሸሁት ይህን ብቻ ነው አልልም፤ ፈርቼለት የዋሸሁት ግን ይህን ብቻ ነው።

ሃርላን መጥቶ መፍቻውን በንጣፉ መገናኛ ቢሰደው እስከ እጀታው ገባ። «እንጨት እኮ አይደለም የቀረሽ፣ ኬክ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፕላስቲኩ ነው የያዛችሁ። እሱ የለቀቀ ቀን ሰውዬሽን ከሥር የሚቀበለው ብረት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሳህን ሳጥብ ውሃውን ዘግቼ አዳምጣለሁ። አራት እርምጃ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሦስቱ እስኪያልፉ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ወደ በሩ እንዳይሄድ ወንበር ባስቀምጥበት በወንበሩ ተደናቅፎ ወደቀና ክርኑ ተላጠ፤ ወንበሩን አነሣሁ። አሁን ከመቀመጫው ሲነሣ ስሰማ ቀድሜው እሄድና በለሰለሰው ላይ እኔው እቆማለሁ፣ እሱም በደኅናው በኩል ይዞረኛል። «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነሽ» ይለኛል። ልክ ነህ እለዋለሁ። ከእሱ ቀለል ስለምል ነው፤ ግን ምን ያህል ቀለል ማለት እንደሚበቃ የሚያውቅ የለም።

አራተኛ፤ የበሰበሰውን ነቅለን በአዲስ እንጨት እንድንተካ ፈቃድ ብጠይቅዎ፣ በሁለት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። በመንደሩ ውስጥ ወለል መንቀል ክልክል መሆኑን፣ መኪናው ለጥገና መውጣት እንዳለበት ገለጹልኝ። ጎትቶ የሚያወጣ መኪና ፈልጌ ካገኘሁ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ አንድ ጊዜ ከወጣን ስንመለስ እንደ አዲስ ገቢ እንደምንቆጠርና የአሥር ዓመቱ ደንብ እንደሚመለከተን ይናገራል። እንግዲህ ለመጠገን መውጣት አለብን፣ ከወጣን አንመለስም፣ ካልጠገንን ደግሞ ኦሪን ይወድቃል። ይህን ሁሉ በሁለት አጫጭር ደብዳቤዎች ማጠቃለል መቻልዎን ከልብ አደንቃለሁ።

ትናንት ለኦሪን እውነቱን ነገርሁት። ከዚያ፣ «እና ላዩ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነበርሽ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከአልጋው አልተነሣም፤ እሱ ሲነሣ እኔ እንደምሮጥ ስላወቀ ነው። ሻይም አላፈላም። ሚስተር ክራውዘር፣ የእርስዎን ደብዳቤዎች እፈራለሁ፣ መንገድ ላይ መቅረትንም እፈራለሁ፣ የዚህን ሰው በአልጋ ላይ መቅረት ግን ከሁሉም አብልጬ እፈራለሁ።

ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ሃርላን ወለሉን ይከፍታል። እንጨቱን የሚቆርጠው በራሱ መኪና ውስጥ ነው፤ የመንደሩን መልክ የሚያበላሽ ነገር ደጅ ላይ አይታይም። ኦሪን እንጨቱ ለሚደርቅበት ሁለት ሳምንት ሃርላን ዘንድ ይቆያል። እኔ በራችን ላይ እቀመጣለሁ። ሊያስወጡን የወሰኑ እንደሆነ እዚያው ያገኙኛል፤ እግሮቼ ይንቀጠቀጡ ይሆናል፣ ግን ተቀምጬ ስለምጠብቅዎ አይታይም።

ለደንብ ያለዎትን ፍቅር በሩቁ የማደንቅ፣ ለክብርዎ የሚገባውን ሰላምታ ሁሉ ሳላጓድል የማቀርብ፣ እስካልተባረርሁ ድረስ ነዋሪዎ፣

አርዲስ ቶለፍሰን
ቦታ ቁጥር 41

ማስታወሻ፦ ወለሉ ከመከፈቱ በፊት፣ ሰኞ ለዘንድሮው ፎቶግራፍ ሲመጡ፣ ከበሩ በስተግራ በኩል እንዳይረግጡ በትሕትና አሳስባለሁ። እዚያ ላይ ከራስዎ ትእዛዝ በቀር የሚይዝዎ ነገር የለም።