እስከ ሻደይ ማግስት

ሰኔ 14

ዝናብ። ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም። ከቢሮ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራትቼ ቁጭ አልኩ... ማንም አላየኝም፣ ተመስገን። ደግሞ በነጭ ቀሚስ!

ለቅዳሜው ሠርግ የመኪናውን አበባ ጨረስኩ። ሮዝና ነጭ። የሪባኑን ጫፍ በሻማ ስለበልብ ጣቴን ተቃጠልኩ። ካልለበለቡት ይተረተራል፣ ካበዙት ይጠቁራል። የሚያየኝ ሰው ሁሉ "ይቺ ጎጃሜ ባል ብታገባ አይሻላትም? ጨርቅ ትጠቀልላለች" ይላል አሉ። ይበላ! ለእነሱ ሠርግ አይደል እንዴ የምጠቀልለው?

ሰኔ 17

ማስተዋል መጣች። ግቢያችን ውስጥ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት የምትኖረው የእትዬ ደመቀች ልጅ። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት፣ ምላሷ የአርባ።

"እትዬ ማንጠግቦሽ፣ አበባ አስተምሪኝ።"
"ለምንሽ?"
"ለሻደይ ነዋ! መቀነቱ ላይ እንሰፋዋለን። ጓደኞቼም ይፈልጋሉ። ዘንድሮ እጨፍራለሁ፣ እማዬ ፈቅዳለች።"

ሰቆጣ መጥቼ መጀመሪያ ሻደይ ያየሁ ጊዜ ዝም ብዬ ነበር የቆምኩት። ፍልሰታ ሲፈታ ልጃገረዶቹ ያንን ረጅም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው ከደጅ ደጅ... የዓመቱ ደስታ ሁሉ ተጠራቅሞ እዚያ ላይ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ሐዘን ያለበት ቤት ልጅ ግን አትጨፍርም።

እነ ማስተዋል ቤት ሐዘን አለ ወይስ የለም? እሱን ነው ማንም የማያውቀው። በጦርነቱ ጊዜ ከኒሯቅ በኩል ሸሽተው ሲመጡ አባቷ አቶ ዝናቡ "ፍየሎቹን ልያዝ" ብሎ ከመንገድ ተመለሰ። በዚያው ቀረ። አለም የሚል የለ፣ ሞተም የሚል የለ። መርዶ አልመጣም። እትዬ ደመቀች ጥቁር አልለበሰች፣ ፀጉሯን አልተላጨች። ሰው ሲጠይቃት "ይመጣል" ትላለች። እስከ ዛሬ ግን ልጅቷን ለሻደይ አላወጣቻትም። ዘንድሮ ምን ታያት?

ሰኔ 24

ማስተዋል መርፌ አያያዟ እንደ ማረሻ ነው። ሪባኑን ታንቀዋለች። "ቀስ! ይቺ ፍየል አይደለችም" ብላት ሳቀች።

እትዬ ደመቀች በራፌ ላይ ቆማ ታየናለች። "ሻደይ ቅጠል ነው። ጨርቅ ምን አገባው?" አለች። ከዚያ ለልጇ በኽምጣና የሆነ ነገር አለቻት፣ አልገባኝም። ማስተዋል ተረጎመችልኝ፦ "ቢጫ ይሁን ትላለች።" አይ እትዬ ደመቀች! ምን አገባው ብላ ደግሞ ቀለም ትመርጣለች።

ሐምሌ 2

ቅጣው ሱቅ ሄድኩ። ቢጫ ሪባን የለም፣ አረንጓዴም የለም።
"ጥቁር አለ" አለኝ።
"ጥቁር ምን ያደርግልኛል?"
"ቁርጥራጩን ለልጅቱ መለማመጃ ውሰጂላት፣ እንደሆነ አይሸጥልኝም።"

በዚህ ዘመን ጥቁር አይሸጥልኝም የሚል ነጋዴ። የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ገዝቶ ጨርሷል ማለት ነው? ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይቺው ነገር ስትከነክነኝ ነበር።

ሐምሌ 11

ማስተዋል ጽጌረዳ መጠቅለል ገባት። ከእኔ ይበልጣል የእሷ። አልነገርኳትም፣ ትንጠባረራለች።

ሐምሌ 19

የዛሬውን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር... እኔ ነኝ፣ ማንም አይደለም፣ እኔ።

ከገብርኤል ስመለስ ማስተዋል ደጄ ላይ ተቀምጣ በጥቁሩ ሪባን አንድ ትልቅ ጽጌረዳ ጨርሳለች። አምሮባታል፣ እውነት። "የት ላድርገው?" አለችኝ። "ደረትሽ ላይ አድርጊውና ለእናትሽ እናሳያት" አልኳት። በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩላት። በገዛ እጄ!

አከራያችን አቶ ገብረ አምላክም ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ስለ ጎርፉ ቦይ ሊያነጋግሯት ወደ እትዬ ደመቀች በር እያመሩ ነበር። አብረን ሄድን። ሽማግሌው ከፊት። ልጅቱ ጥቁር ደረቷ ላይ ሰክታ መሀል። እኔ የመንግሥት ሠራተኛዋ ነጠላ ለብሼ ከኋላ። በማለዳ።

መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ ግን አበባውን ብቻ ነበር የማየው።

በሩን ከፈተች። አቶ ገብረ አምላክን አየች፣ እኔን አየች፣ የልጇን ደረት አየች። "ልጄ ይዛው መጣች! ዋይ! መርዶዬን ልጄ ይዛው መጣች!" ብላ መሬት ላይ ተዘረረች። ፊቷን ስትቧጥጥ እጇን ልይዝ ብሞክር ማን ችሏት። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር እንደ ደረሰ ነው ያለቀሰው። አንዲት የማላውቃት ሴት አንገቴን አቅፋ ታለቅሳለች። ማስተዋል ክንዴን ይዛ "እትዬ፣ አባዬ ሞቷል እንዴ? እትዬ?" ትለኛለች። "ኧረ አበባ ነው! አበባ ነው!" እላለሁ፣ ማን ሰምቶኝ።

በመጨረሻ አቶ ገብረ አምላክ በከዘራቸው በሩን መቱ። "ዝም በሉ! እኔ የመጣሁት ለቦይ ነው!"

እትዬ ደመቀች ከመሬት ቀና አለች። "ለቦይ?"
"ለቦይ።"

አንድ ሰው ፈገግ ሊል ሲል አየሁት፣ ደግነቱ ተወው። ወደ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሐምሌ 20

ማስተዋል አልመጣችም። ቧንቧው ጋ ሴቶቹ ስደርስ ወሬ አቆሙ። አንዷ ግን "አይዞሽ፣ ሳይሞት የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል። ደግ ምልክት ነው" አለችኝ። እውነት ያድርገው። እሷ ያለችው ባይሆን እንኳ ስላናገረችኝ ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ሐምሌ 25

ከሥራ ስገባ እትዬ ደመቀች ደጄ ላይ ቆማለች። ፊቷ ላይ የቧጠጠችው ደርቋል። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጇ አቋረጠችኝ። ግቢ አልኳት፣ ገባች። ተቀመጪ አልኳት፣ አልተቀመጠችም።

"ያን ቀን የጮህኩት ስላላወቅሁ አይደለም" አለች።
አልገባኝም።
"ወንዳወቅ ነግሮኛል። የአገሬ ልጅ ነው፣ አብሮት ነበር። አምና በጋ መጥቶ ነገረኝ። በእጁ ነው የቀበረው።"

ምን ይባላል? ነፍስ ይማር አልኩ።

"ለማንም እንዳትል ብዬ በኪዳነምሕረት አስማልኩት። መርዶ ከመጣ ማስተዋል ጥቁር ትለብሳለች። ቤቷን ጥላ መጣች፣ ትምህርቷ ተቋረጠ፣ አሁን ደግሞ ጥቁር? እኔ በሷ ዕድሜ ደስታ ያየሁት በሻደይ ነው። ሌላ ጊዜ አላየሁም ብልሽ አልዋሸሁም። እሷ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታስር አግብታ፣ ወልዳ፣ አርጅታ... አይሆንም! አምና ላወጣት ነበር፣ ወሬው እንደ ደረሰኝ አቃተኝ። ዘንድሮ ቻልኩ። እስከ ሻደይ ማግስት ባሌ አልሞተም። ከዚያ ወዲያ እርሜን አወጣለሁ።"

"ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ እትዬ?"

"ስጮህ ሰምተሽኛል። ያ የድንጋጤ ጩኸት አልነበረም፣ ታፍኖ የቆየ ነው። ብቻዬን እንደማልችለው ያን ቀን አወቅሁ።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ሆድ ይፍጀው በይ። አበባውን ደግሞ እንዳታቆሙ።"

ሄደች። ውኃ ጠጣሁ። ደግሞ ጠጣሁ።

ነሐሴ 3

ጾም ገብቷል። ቅጣው ቢጫውን አስመጣ፣ ማስተዋልም ተመለሰች። "ለቦይ ነው የመጣሁት!" እያለች በአቶ ገብረ አምላክ ድምፅ ትቀልዳለች። ሳቅሁ። መሳቅ ነበረብኝ?

አበባ እየሰፋች፦ "አባዬ ይሄን ቢያይ 'ንብ ይሰፍርብሻል' ይለኝ ነበር። ሲመጣ አሳየዋለሁ።"

መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ።

"ምን ሆነሻል ዛሬ እትዬ?"
"ጾሙ ነው።"

ውሸታም። በፍልሰታ ደግሞ።

ነሐሴ 9

ልክ ነው ግን? ልጅ የአባቷን ሞት ሳታውቅ ልትጨፍር ነው፣ አበባዋን የምሠራው ደግሞ እኔ ነኝ። ነገ ስታውቅ ምን ትለናለች? እናቷ ናት፣ መብቷ ነው እላለሁ። ደግሞ አባትየው የእናት ብቻ ነው እንዴ እላለሁ። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ የተመለሰበት ጊዜ አለ። እትዬ ደመቀችን ሳያት እናደዳለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አዝንላታለሁ። በየቀኑ "ይመጣል" ስትል እኮ ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። እኔ ብሆን በሦስተኛው ቀን አብጄ መንገድ ለመንገድ ነበር የምለፈልፈው።

እናቴ ከደጀን ደወለች። ድምፅሽ ምን ሆነ አለችኝ። ጉንፋን አልኳት። ይኸው ሁለተኛ ውሸት።

ነሐሴ 16

ወጡ!

ቅጠሉ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይደርሳል። ከላይ መቀነቱ ላይ ቢጫው አበባችን ዙሪያውን። እኔ ጨርቁ ከቅጠሉ ጋር ይጣላል ብዬ ፈርቼ ነበር... አልተጣላም። ሲዞሩ ቅጠሉ ይከፈታል፣ አበባው ብቻ ወገባቸው ላይ ይቀራል። ማስተዋል ከበሮውን ይዛ ከፊት ናት። ያቺ ልጅ ለካ እንዲህ ናት! ዓመታት ሙሉ ይህን ሁሉ የት ደብቃው ነበር?

ግቢያችን ሲገቡ እትዬ ደመቀች እልል አለች። ጮክ ብላ፣ ደጋግማ። ጎረቤቶቹ "እሰይ! እሰይ ደመቀች!" አሏት። የእልልታውን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አጠገቧ ቆሜ እጇን ያዝኩ፣ ቀዝቃዛ ነው። ዓይኗን ከልጇ ሳታነሳ "ስትዞር እሱን ትመስላለች" አለችኝ። ከዚያ ደግሞ እልል አለች።

ወደ ጓዳዬ ገብቼ አለቀስኩ። ወጥቼ ደግሞ አጨበጨብኩ።

ነሐሴ 19

የማስተዋል ድምፅ ሙሉ በሙሉ ዘግቷል። ትዘፍናለች አሁንም።

ነሐሴ 22

ሻደይ ትናንት አለቀ። ማስተዋል እስካሁን ተኝታለች፣ እግሯ አብጧል።

እትዬ ደመቀች መጣች። የአቶ ዝናቡን የመታወቂያ ፎቶ ፎቶ ቤት አስጎልታዋለች። ሲጎላ ደብዝዟል፣ ግን ዓይኑ ይታያል። ልጇ የእሱን ዓይን ነው የወሰደችው።

"ለዚህ አበባ ሥሪለት። ጥቁር" አለችኝ። "ነገ ማለዳ ነው። ወንዳወቅ መጥቷል፣ ለአቶ ገብረ አምላክም ነግሬያቸዋለሁ።"

እሺ አልኳት። ከሰዓቱን ሙሉ ሪባኑን ይዤ ተቀመጥኩ። አንዱን አጠፍኩ፣ ፈታሁት። ሌላውን ስለበልብ አቃጠልኩት። ስንት ሠርግ አሳምሬያለሁ፣ ይኼ ግን እጄ ላይ እንቢ አለ።

ነሐሴ 23

ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ሄድኩ። ማንም ነይ አላለኝም፣ ማንም ምን ትሠሪያለሽም አላለኝም፤ ቦታ ለቀቁልኝ።

ወንዳወቅ ነው የተናገረው። እትዬ ደመቀች ዛሬ ፊቷን አልቧጠጠችም። ራሷን ይዛ፣ ረጅም፣ ቀስ ያለ ለቅሶ አለቀሰች። ስሙን እየጠራች፣ ፍየሎቹን እየጠራች፣ መንገዱን እየጠራች። እርሟን አወጣች። ማስተዋል በድምፅ የለሽ ጉሮሮዋ ልትጮህ ትሞክራለች፣ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ከሁሉም እሱ ነው የገደለኝ።

ቀትር ላይ ድንኳኑ ሲሞላ ማስተዋል ክፍሌ መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

"ታውቂ ነበር?" በሹክሹክታ ነው፣ ድምፅ የላትም።
"አውቅ ነበር።"
"ስጨፍር ታይኝ ነበር። እያወቅሽ።"
"አይሽ ነበር።"
"እማዬም።"
"እማዬም።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ግድግዳውን ተደገፈች። "እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም" አለች። "አሁን ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል። እድሜዬን ሙሉ ሊያመኝ ነው እትዬ።" ያልፋል ብዬ አልዋሸኋትም። ይቅር በይኝ አልኳት፣ እሺም እንቢም አላለችኝም።

ከዚያ አልጋዬ ላይ ያለውን አየችው። የአባቷን ፎቶ። የተበላሸውን ጥቁር ሪባን። መርፌውን።

መጥታ ተቀመጠች። እጇን ዘረጋች።

"ስጪኝ" አለች። "አንቺ አታውቂውም።"

ሰጠኋት።